ለአምሳሉ ጉንዳኖች የመጣ ቅጠል

ከአምሳሉ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ቅጠል ማጠብ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በላንና፣ የመታጠቢያ ገንዳውን በቀዝቃዛ ውኃ ሞልቶ ከሸለቆው የለቀመውን የዱር እንጆሪ ቅጠል ዘረገፈበት። እሱ የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥን። እሱ ያጥባል፣ እኔ በፎጣ አደርቃለሁ። ከዚያ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ሌላ ሰው ጎመንና ካሮት በሚያስቀምጥበት የፍሪጅ መሳቢያ ውስጥ እደረድራለሁ።

"ጀርባውን እይው፣ የሺ" አለኝ። "ፊቱንማ ማንም ያየዋል።"

"አየሁት።"

"አላየሽም። እንቁላል አለበት።"

እውነቱን ነበር። ከቅጠሉ ጀርባ፣ ከደም ሥሩ ሥር፣ የምን እንደሆነ የማላውቀው የነፍሳት እንቁላል ተለጥፏል። በጥፍሩ ፈቅፍቆ ቅጠሉን መልሶ ነከረው።

"ለእኔ ሰላጣ እንዲህ አጥበህልኝ ታውቃለህ?" አልኩት።

"አንቺ ሆድሽን ቢያምሽ ትናገሪያለሽ" አለኝና ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ሁለት ጥቅል ቅጠል በፌስታል ይዞ ወጣ። ረፋዱ ላይ ከሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ደወሉልኝ። ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ከሚመግባቸው ጉንዳኖች ሣጥን ፊት ለፊት ባለችው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው ያገኙት። ልቡ ነው አሉ። ቀብሩም ለቅሶውም አለፈና፣ አንድ ቀን የፍሪጁን መሳቢያ ብከፍት የቀረው ቅጠል በጋዜጣው ውስጥ እንደተጠቀለለ ጠቁሮ አገኘሁት። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ጥቂት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አልነካውም።

አምሳሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። አገር ቤት እያለን ጅማ ሳይንስ ያስተምር ነበር። የሚያውቁን ሁሉ እዚህም መምህር እያሉ ነው የሚጠሩት። ነገር ሁሉ በአፍንጫው ይጀምር ነበር። ዳቦ ሲገዛ ያሸታል፣ አዲስ ልብስ ያሸታል፣ አፓርትመንት ልንከራይ ቶሮንቶ ክሬሰንት ታውን የመጣን ቀን ጠባቂው እያየው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ አሽትቷል። ከባድ ጥያቄ ሲጠይቁት መልሱን ቶሎ አይሰጥም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ "እስኪ ላሽትተው" ይላል። እኔ በዚህ ሁሉ አፍር ነበር። ማፈር ለእኔ እንደ ሥራ ነበር ብል ይቀላል። ቀን በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ የቀረውን ጊዜ በአምሳሉ አፍራለሁ።

ከመጣን በኋላ ብዙ ቦታ ሠርቷል። ሬክስዴል አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያጥፍ ወገቡ ተጎዳ። ከዚያ አንድ የሚያውቀው ሰው ዩኒቨርሲቲው ነፍሳት የሚመግብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ነገረውና ሄዶ ተቀጠረ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ሲመለስ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር።

"የሺ፣ ገበሬዎች ናቸው" አለኝ፣ ኮቱን ሳያወልቅ።

"እነማን?"

"ጉንዳኖቹ።"

ከሩቅ ሞቃት አገር ደን የመጡ ቀያይ ጉንዳኖች ናቸው። ቅጠል ይቆርጣሉ፤ የቆረጡትን ቅጠል ግን አይበሉም። ይህን ለሰው ማስረዳት የአምሳሉ ትልቁ ደስታ ነበር። መጀመሪያ "ምን የሚያደርጉበት ይመስልሃል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውየው ይበሉታል ሲል መነጽሩን ያወልቃል። ትልልቆቹ ቅጠሉን በመንጋጋቸው እንደ መቀስ ቆርጠው፣ እንደ ጃንጥላ ከራሳቸው በላይ ይዘው፣ ሣጥኖቹን በሚያገናኘው ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው ይገባሉ። ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ይቀበሏቸዋል። ይልሱታል፣ ያኝኩታል፣ ሊጥ እስኪመስል ያልሙታል፤ ከዚያ እንደ ስፖንጅ የተነፋ ግራጫ ፈንገስ ላይ ይተክሉታል። ከራሱ ከፈንገሱ ክር እየነጩ አዲሱ ላይ ያለብሱታል። በኩሳቸው ያዳብሩታል። ሌላ ሻጋታ ብቅ ሲል እንደ አረም ይነቅሉታል። የሚበሉት በፈንገሱ ክሮች ጫፍ ላይ የሚያብጡትን፣ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ነጥቦች ነው። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትም በዚያው ነው። ወጣቷ ንግሥት ከእናቷ ቤት ስትወጣ ከዚያ እርሻ ቁራሽ በአፏ ይዛ ነው የምትወጣው፣ ልክ እርሾ ተሰጥቷት እንደምትሄድ ሙሽራ። እርሻው ከሞተ ሁሉም ይሞታሉ።

የአምሳሉ ሥራ እንግዲህ ቅጠል ማቅረብ ነበር። በበጋ ቀላል ነው። ቶሮንቶ በበረዶ ስትሸፈን ግን ቅጠል ከየት ይመጣል? የሸለቆው የዱር እንጆሪ ቁጥቋጦ በረዶ ሥር ሆኖ እንኳ ጥቂት አረንጓዴ ቅጠል ይይዛል፤ እሱን በጓንት እየፈለፈለ ያወጣል። አንዳንድ ቤት ክረምትም የማይረግፍ አጥር አለ። ከሱቅ የሚገዛ ሰላጣ አይወዱም፤ አጃ ይሰጣቸዋል፣ ይብቃቃሉ። አንድ ሕግ ነበረው። የማያውቀውን ቅጠል አያቀርብም። የአትክልት መድኃኒት የተረጨበት ቅጠል አንድ ጊዜ ከገባ እርሻውን ይገድለዋል። ስለዚህ ሰው ሳይበዛ፣ ቅጠሉም ሳይጠወልግ፣ ማለዳ እየተነሳ ከሚያውቀው ቦታ ይለቅማል።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

አገር ቤት ለመድኃኒት ቅጠል የሚቆርጥ ሰው ማልዶ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ነው የሚቆርጠው። ይህን የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም። አምሳሉ ደግሞ ሁለት እጁ ቅርንጫፍ ስለሚይዝ፣ ከረጢት የሚያስርበትን ላስቲክ በጥርሱ ነክሶ ነው የሚሠራው። አንዲት የሕንፃችን ሴት ወደ ሰብዌይ ስትሄድ በሸለቆው መንገድ አገኘችው።

"እንደምን አደሩ፣ መምህር?"

አምሳሉ አፉ ላስቲክ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት እንጂ አልመለሰላትም። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሰላም ማለቷን ትታ ራቅ ብላ አማተበች አሉ።

ወሬው ሕንፃውን ሞላው። ሊፍት ውስጥ ስንገባ ጨዋታ ይቆማል። በማርያም ማኅበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ልጇን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረችው። የመምህር አምሳሉ ሚስት መሆኔ ቀርቶ የቅጠል በጣሹ ሚስት ሆንኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

"ቢያንስ ደህና አደርሽ በላት እንጂ!"

"አፌ ላስቲክ ይዟል እኮ።"

"አውጥተኸው በላት!"

"ላስቲኩን ሳወጣ ቅርንጫፉ ያመልጠኛል" አለ፣ በእርጋታ፣ ነገሩ የሳይንስ ጥያቄ ይመስል።

ከዚያ ደግሞ ማንኳኳት ተጀመረ። የሚሸሹን ሰዎች ሲጨልም ይመጣሉ። አንዱ የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ አለብኝ፣ ፊቴን ሞገስ የሚያለብስ ነገር ይስጡኝ አለ። አንዷ ባሏ ካልጋሪ ሥራ ፍለጋ ሄዶ የቀረባት ናት። አምሳሉ ሁሉንም ሳሎን አስቀምጦ ያዳምጣል። ካዳመጠ በኋላ ለሁሉም እኔ መድኃኒት አላውቅም ይላል። ባሏ ለቀረባት ሴት "ስልክ ደውይለት" አላት። ተቆጥታ ወጣች።

እትዬ በላይነሽ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። እሳቸውን ያኔ በማኅበር ብቻ ነበር የማውቃቸው። ከእኛ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በሀብታሞች ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ያጸዳሉ። አንድ ወንድ ልጃቸው ወደ ሱዳን ሲሻገሩ መንገድ ላይ ሞቶባቸዋል። እሱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።

"ሐኪሙ ኪኒን ሰጠኝ፣ ኪኒኑ ቀን ያስተኛኛል" አሉ። "እርስዎ ዘንድ ያለውን ይሞክሩልኝ።"

"እትዬ፣ እኔ ምንም የለኝም። ቅጠሉ ለጉንዳን ነው።"

"ይሁን" አሉ። ዓይናቸው ግን፣ አዋቂ መቼ አውቃለሁ ይላል፣ እያለ ነበር።

"ካላመኑኝ ይምጡና ይዩ" አላቸው።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። እኔ የሄድኩት እሳቸው ተመልሰው የሚያወሩትን ለማወቅ ነው። አምሳሉ በራሱ ቁልፍ በሩን ከፈተ። ቁልፉን የሰጠችው የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆነችው ፕሮፌሰር ናት፤ ቁልፍ ያለው ከእሷ ቀጥሎ እሱ ብቻ ነበር። በዚያ ቁልፍ ይኮራበት ነበር፣ በሸሚዙ ውስጥ በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ የራሰ አፈር ሽታ አለው። እትዬ በላይነሽ ከሣጥኖቹ ፊት ለፊት ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉንዳኖቹን ማየት ጀመሩ።

"ሁሉም ሴቶች ናቸው?" አሉ።

"ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው።"

"ወንዶቹስ?"

"ለሠርጉ ብቻ ነው የሚፈለጉት።"

"የእኛ ሰፈር ወንዶች ናቸዋ" አሉ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ።

ትንሽ ቆይተው ጣታቸውን ወደ መስተዋቱ ዘረጉ። "ያቺ ደግሞ ቅጠሉን ይዛ የምትወጣው ለምንድነው?"

"ቅጠሉ አልተስማማቸውም። አውጥታ ልትጥለው ነው።"

"ያመጣችው እያየች?"

"እያየች።"

"አታፍርም?"

"አታፍርም። ሄዳ ሌላ ታመጣለች። እነሱ ዘንድ ይሉኝታ የለም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ሰው አይደሉም" አሉ እትዬ በላይነሽ። የቅጠሎቹን ሰልፍ በዓይናቸው ሲከተሉ፣ ሲከተሉ፣ ራሳቸው ወደ ትከሻቸው አዘነበለ። ተኙ። አምሳሉ ካፖርቱን አለበሳቸውና እንዳልናገር ምልክት ሰጠኝ። ብዙ ሰዓት ተኙ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊትም እንቅልፍ እየወሰዳቸው መጣ። ምን እንደረዳቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ያውቃሉ፤ ወይም የሚያውቁ ይመስላቸዋል። በማኅበር ላይ ቆመው "መምህር ደብተራ አይደለም፣ ገበሬ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ" ብለው መሰከሩ። ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሴት ስለነበሩ ልጇን ያዛወረችብኝ ሴት እንኳ መጥታ ሳመችኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ ለእትዬ በላይነሽ እምቢ የማልላቸው ሆንኩ። ይህን እንዳልረሳ እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ምክንያቱም የሆነው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሆነው።

የካቲት ላይ፣ ብርዱ በጠናበት ሳምንት፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ በላይነሽ ትልቅ ነጭ ከረጢት ታቅፈው ቆመዋል። ፊታቸው ከብርዱ ቀልቷል። ከረጢቱ በጽጌረዳ ቅጠል ሞልቷል። ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንዳች ቀዳዳ የሌለው አረንጓዴ ቅጠል። በዚያ ሳምንት አምሳሉ ከበረዶ ሥር የሚያወጣው ሁሉ ቡናማ ነበር።

"የማጸዳበት ቤት በመስተዋት የተሠራ የአበባ ክፍል አላቸው" አሉ። "ሴትዮዋ ቅርንጫፉን ስታስገርዝ፣ ልትጥዪው ነው? አልኳት። ውሰጂው አለችኝ። በአውቶቡስ አቅፌው መጣሁ፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ!"

እኔ ከረጢቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አምሳሉ ከሳሎን ብቅ አለ። አንድ ቅጠል አነሳና አሸተተ። መነጽሩን አወለቀ። ሊጠይቅ የፈለገውን አውቄዋለሁ። መድኃኒት ይረጩበታል? ይህች ናት ጥያቄዋ። ግን እንዴት ይጠይቃል? በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዕድሜ፣ አቅፈው ያመጡትን፣ መርዝ አለበት ወይ ብሎ ይጠይቃቸው? እኔ በዓይኔ ተቆጣሁት። መነጽሩን መልሶ አደረገ።

"እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እትዬ" አለ።

"ሲበሉት በዓይኔ ካላየሁ አልሄድም" አሉ ደስ ብሏቸው። "ነገ አብሬዎት እመጣለሁ።"

ሲሄዱ ገንዳውን ሞልተን አጠብነው፤ ደግመን አጠብነው፤ ውኃውን ቀይሮ እንደገና አጠበው። "ይበቃዋል" አልኩት። "ከላዩ ያለው ይታጠባል፤ ውስጡ የገባው አይታጠብም" አለ። "ምን እንበላቸው ታዲያ?" አልኩት። ፎጣውን አንስቶ ቅጠሉን ማድረቅ ጀመረ።

በማግስቱ እትዬ በላይነሽ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው፣ እሱ ቅጠላቸውን ለጉንዳኖቹ አቀረበ። ተሻሙበት። እሳቸው እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ጉንዳኖቹ ክፉውን ቅጠል የሚያውቁት ቀምሰው አይደለም። እርሻው ሲታመም ነው የሚያውቁት። ሲያውቁ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ብዙ ቀን ሳይቆይ የጽጌረዳውን ቅጠል እያወጡ መጣል ጀመሩ። የገባው ግን ገብቷል። ግራጫው ስፖንጅ ከመሐሉ ቡናማ እየሆነ ወረደ። ክፍሉ ኮመጠጠ። አምሳሉ ማታ ሲመጣ ልብሱ ላይ ያ ሽታ ነበር፤ እንዳላሸትተው እጁን ደጋግሞ ይታጠባል። ከብዙ ሣጥን ሁለቱ ብቻ ተረፉ። የቆሻሻ መጣያዋ ሣጥን ሞልታ፣ ጉንዳኖቹ የሞተ እርሻቸውንና የሞቱ እህቶቻቸውን እያወጡ ይከምሩ ነበር።

ፕሮፌሰሯ አስጠራችው። ቅጠሉ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው።

"እኔ ነኝ የለቀምኩት" አላት።

"ከየት?"

"ከማላውቀው ግቢ።"

ይህን ሲነግረኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

"ለምን እውነቱን አልነገርካትም?"

"እውነቱን ብነግራት እትዬ በላይነሽ ጆሮ ይደርሳል። የመጀመሪያ እንቅልፋቸውን የተኙት እዚያ ወንበር ላይ ነው፣ የሺ። እርስዎ ገደሏቸው ልበላቸው?"

እኔም አትንገራቸው አልኩት። ይህ ደግነት መሰለን። ፕሮፌሰሯ ከሥራ አላስወጣችውም፤ ቁልፉን ግን አስመለሰችው። ከአንገቱ ክሩን አውልቆ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። ከሌላ ጎጆ የቡጢ ያህል ፈንገስ አምጥተው ለተረፉት ጉንዳኖች ሰጧቸው፤ ተቀበሉት፣ ንግሥቲቱም ስላልሞተች ከብዙ ወራት በኋላ እርሻው አገገመ። ቁልፉ ግን አልተመለሰለትም። አምሳሉ እስከሞተበት ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት፣ ፌስታሉን ይዞ፣ አንድ ተማሪ መጥቶ እስኪከፍትለት ከበሩ ውጭ ይቆም ነበር። ሳይንስ ያስተማረ ሰው፣ ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ። አንድ ቀን የረሳውን ምሳ ላደርስለት ሄጄ እንደዚያ ሆኖ አየሁት። ሳያየኝ ተመለስኩ። ምሳውን ሰብዌይ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ቤቴ ገባሁ።

እትዬ በላይነሽ ይህን ሁሉ አያውቁም። በየማኅበሩ "ያን ክረምት የአምሳሉን ጉንዳኖች ያተረፍኳቸው እኔ ነኝ" እያሉ ያጫውታሉ። ለአዲስ ሰው ሁሉ ይተርካሉ። አውቶቡሱን፣ ከረጢቱን፣ ጉንዳኖቹ ሲሻሙ። ሰው ይስቃል፣ ያደንቃል። አምሳሉ ሳህኑን እያየ ፈገግ ይላል። እኔ ተነስቼ ውኃ አመጣለሁ። ዓመት አልፎ ዓመት መጣ፤ ተረኩ አላረጀም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ሲተርኩት እኔም ማመን ያምረኛል" አለኝ።

አሁን ስለ አርባው ልጻፍ። ይህን ክፍል ሳዘገየው ነው የሰነበትኩት።

የአምሳሉ አርባ ተዝካር ዕለት ሰው ሁሉ በልቶ ከሄደ በኋላ እትዬ በላይነሽ ቀሩ። ዕቃ አጣጥበን ስንጨርስ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው፣ ከበሩ ጎን ያስቀመጡትን ነገር ይዘው ገቡ። ትልቅ ነጭ ከረጢት ነው።

"እሱ ቢሄድም እነሱ መብላት አለባቸው" አሉ። "ዛሬ ጠዋት ነው ያስቆረጥኩት።"

እንደዚያ ቀን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። የጽጌረዳው ሽታ ወጣ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በዩኒቨርሲቲው ኮሪደር ግድግዳ ተደግፎ የቆመው አምሳሉ በሐሳቤ ታየኝ።

"እትዬ" አልኩ፣ "ጽጌረዳው ላይ መድኃኒት ይረጩበታል?"

"ይረጩበታል እንጂ። የሚረጨው ሰው አፉን በጭንብል ሸፍኖ በየጊዜው ይመጣል። አለዚያ ቅጠሉ ሻጋታ ይይዘዋል አሉ።" ይህን እንደ ቀላል ነገር ተናግረው ወደ ወንበሩ ሲያመሩ ቆሙ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ለምን ጠየቅሽኝ?"

እኔ ወደ ከረጢቱ አየሁ።

"ያን ጊዜም ይረጩበት ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "የሺ፣ ጉንዳኖቹ ምን ሆኑ?"

"ሞቱ፣ እትዬ። ጥቂት ናቸው የተረፉት።"

"እሱ ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር።"

"አንቺም?"

"እኔም።"

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ጎተቱ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሲገልጡት ግን ፊታቸው የተቆጣ ነበር።

"ያኔ ብትነግሩኝ አንድ ቀን አፍሬ ይወጣልኝ ነበር" አሉ። "ይኸው ስንት ዓመት በየሰው ፊት እየቆምኩ ስፎክር፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስታዩኝ! ያቺ ጉንዳን እንኳ ቅጠሏ ሲጣል በዓይኗ አየች። ሄዳ ሌላ አመጣች። እኔን ምን አድርጋችሁ ቆጠራችሁኝ?"

"እንዳንጎዳዎት ብለን ነው።"

"እንዳታፍሩ ብላችሁ ነው" አሉ። "የእኔን ኀፍረት አይደለም የፈራችሁት። ልትነግሩኝ አፍራችሁ ነው።"

እንዲህ አድርጎ የገለጸልኝ ሰው አልነበረም። አምሳሉን እስካሁንም ደግ ሰው ነው እላለሁ፤ ደግ ነበር። ግን ደግነቱና ፍርሃቱ የት ላይ እንደሚለያዩ እሱም አያውቅም ነበር፤ እኔም እሱን ከመርዳት ይልቅ በዓይኔ እየተቆጣሁ አንዱን ከሌላው ጋር ሰፋሁበት። ያንን ሁሉ ዓመት በእሱ ሳፍር፣ ሊታፈርበት የሚገባውን ነገር አላየሁትም ነበር።

እትዬ በላይነሽ ከረጢቱን ከእጄ ወሰዱ። ወደ ቆሻሻ መጣያው ክፍል ሄደው ራሳቸው ጣሉትና እጃቸውን ታጥበው መጡ። "ቁልፉን የወሰደችበት ሴት እስካሁን እዚያ ናት?" አሉኝ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ቁልፉ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ነገርኳቸው ማለት ነው፣ እንዴት እንዳወራሁ አላስታውስም።

በሳምንቱ አብረን ሄድን። ፕሮፌሰሯ ቢሮዋ ውስጥ አስቀመጠችን። እኔ ልተረጉም ስዘጋጅ እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው አቆሙኝና፣ በሚያውቋት ጥቂት እንግሊዝኛ፣ ደረታቸውን እየነኩ ተናገሩ። ያ ቅጠል የእኔ ነው። አምሳሉ አይደለም። እኔ ነኝ።

"እንደዋሸኝ አውቄ ነበር" አለች ፕሮፌሰሯ። "አምሳሉ ከማያውቀው ግቢ ቅጠል አይለቅምም። ለማን ብሎ እንደዋሸኝ ነበር ያላወቅኩት።" ከዚያ፣ ካወቀች ቁልፉን ለምን እንዳልመለሰችለት ማንም ሳይጠይቃት፣ ራሷ ፊቷ ቀላ። "መጠየቅ ነበረብኝ" አለች። እትዬ በላይነሽ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። "እሷም እንደ እናንተ አፍራ ነው?" አሉ።

ስንወጣ ጉንዳኖቹን አሳየችን። ሣጥኖቹ ሞልተዋል። ወንበሯ እዚያው ናት። ቅጠል ግን አንሷቸዋል አለች፤ ተማሪዎቹ ሸለቆው ውስጥ የት እንደሚለቅሙ አያውቁም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ቅጠል እለቅማለሁ። ከሰው ስገናኝ ላስቲኩን ከአፌ አውጥቼ ደህና አደራችሁ እላለሁ። ሸለቆው በበረዶ ሲሸፈን ከእትዬ በላይነሽ ጋር አረንጓዴ አጥር ያላቸውን ቤቶች በር እናንኳኳለን። እሳቸው ከረጢቱን ይይዛሉ። እኔ መድኃኒት ይረጩበት እንደሆነ እጠይቃለሁ።